ጣራው ከመነሣቱ አስቀድሞ

በለንደን ከተማ የሚኖሩ አንድ አባወራ ስለ ቤታቸው ጣራ ምክር ጠይቀውናል። ቤቱ ከጎረቤት ቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ አሮጌ ቤት ነው። ክዳኑ ስስ ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ሲሆን፣ ዕድሜ ተጭኖት ስለ ተሰነጣጠቀ ዝናሙ አረጋዊት እናታቸው በሚተኙበት ክፍል ይንጠባጠባል። ጣራ ሠሪው፣ «ፈቃድ አያስፈልግም፤ ቀብድ ይስጡኝና ሰኞ ልጀምር» ብሏቸዋል። እርሳቸውም፣ «ልመነውን?» ሲሉ ጽፈዋል።

የሠራተኛው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ ጣጣው ከባለቤቱ ጋር የሚቀር ስለ ሆነ፣ ሳያጣሩ ቀብድ መስጠት አይገባም።

በእንግሊዝ አገር ሁለት ልዩ ልዩ ሕጎች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየት ነው። የፕላን ፈቃድ የሚመለከተው የቤቱን መልክና ከሰፈሩ ጋር መስማማቱን ነው። የሕንፃ ደንብ ግን የሚመለከተው ጥንካሬውን፣ ከእሳት መጠበቁንና ሙቀት መያዙን ነው።

ስለ መጀመሪያው ስንናገር፣ አሮጌውን ክዳን አንሥቶ በዚያው ዐይነት መተካት እንደ ጥገና ስለሚቈጠር አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ አይጠየቅበትም። የክዳኑ ዐይነት ቢለወጥም እንኳ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት፣ አዲሱ ሥራ ከቀድሞው የጣራ ገጽ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ካልወጣና ከጣራው ጫፍ ከፍ ካላለ ያለ ማመልከቻ ሊሠራ ይችላል።

ከዚህ የሚለዩ ግን አሉ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ፣ ጠባዩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት በ1990 እ.ኤ.አ. ሕግ ወንጀል ነው። ካውንስል የሚባለው የአካባቢው ምክር ቤት በልዩ ትእዛዝ ይህን ነጻነት ያነሣባቸው ሰፈሮችም አሉ። በአፓርትማ የሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ነጻነት አይደርሰውም፤ ተከራይም ቢሆን ለአከራዩ ማመልከት እንጂ ጣራ መንካት የለበትም።

ወደ ሕንፃው ደንብ ስንመለስ፣ የድንጋይ ንጣፉን አንሥተው በሲሚንቶ የተሠራ ክዳን የሚያለብሱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ክዳን ከቀድሞው ስለሚከብድ፣ ወራጁና ማገሩ ሸክሙን መቻሉ ካልተመረመረ ጣራው ከጊዜ በኋላ ይጎብጣል። የጣራው ሰፊ ክፍል ሲታደስም የሙቀት መከላከያው እንዲሻሻል ደንቡ ያዛል። ይህን ሥራ ራሱ መርምሮ ለማረጋገጥ የተመዘገበ ጣራ ሠሪ ካልሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለምርመራ ማመልከት ያሻል። በመጨረሻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ቤቱ በሚሸጥበት ቀን ይጠየቃልና ይቀመጥ። በጣራው ሥር የሌሊት ወፍ ካደረም ሥራው ይቆይ፤ ማደሪያዋን ማፍረስ በሕግ የተከለከለ ነው።

«ስለ ገዛ ቤቴ ሌላው ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለንደን በ1212 እ.ኤ.አ. ከተቃጠለች በኋላ የሣር ክዳን የተከለከለው፣ የአንዱ ጣራ እሳት የጎረቤቱ ጥፋት ስለ ነበረ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሼክስፒር ግሎብ ቲያትር እንኳ ሣር የለበሰው በልዩ ፈቃድ፣ በክዳኑም ላይ የውሃ መርጫ ተዘርግቶ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ መታዘዙም ለሌላው ሰው ሕይወት በማሰብ ነበር።

እንግዲህ ለጠያቂያችን ምክራችን ይህ ነው። በመጀመሪያ እናትዎን ወደ ደረቅ ክፍል ያዛውሩ፤ የሚያፈሰውንም በሸራ ያስሸፍኑ። ቀጥሎ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ወይም በልዩ ትእዛዝ ሥር ያለ መሆኑን ካውንስሉን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ፈቃድ የሚያሻ ሆኖ ከተገኘ፣ ውሳኔው እንደ ደንቡ በ8 ሳምንት ውስጥ ይሰጣል። የማያሻ ከሆነም ሥራው ሕጋዊ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ማመልከቻ አቅርቦ ማግኘት ይቻላል። ከዚያም የክዳኑን ዐይነት፣ ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን በውል አስጽፈው ቀብዱን ይስጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥቂት ቀን ታግሦ መጠየቅ የተሠራውን ከማፍረስ ያድናል።