የሲደልስኪ ተለማማጅ

የኔልሰን ማንዴላ አስተማሪ ማን ነበር ቢባል፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚጠራው ኮሎኔል ታደሰ ብሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ሰጥተውታልና ስማቸው መነሳቱ ተገቢ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ጆሃንስበርግ ላይ ሌላ አስተማሪ ነበረው፤ ላዛር ሲደልስኪ የሚባል አይሁዳዊ ጠበቃ። ቢሮ ከፍተው ወጣት ረዳት የሚቀጥሩ የአገራችን ጠበቆች ይህን ሰው ቢያውቁት ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1941 ማንዴላ ከተማ ሲገባ የሚያኮራ የሥራ ማስረጃ አልነበረውም። ከፎርት ሄር ኮሌጅ ዲግሪውን ሳይዝ ወጥቷል፤ አሳዳጊው ካዘጋጁለት ጋብቻ ሸሽቷል፤ በማዕድን ማውጫ የጀመረው የጥበቃ ሥራም ብዙ አልቆየለትም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቤትና የመሬት ደላላ የነበረው ዋልተር ሲሱሉ እጁን ይዞ ዊትኪን፣ ሲደልስኪ እና ኤይደልማን ወደተባለው የሕግ ቢሮ ወሰደው። የነጮች ቢሮ ጥቁር ወጣትን በሕግ ተለማማጅነት መቀበሉ ያን ጊዜ እምብዛም የማይታይ ነገር ነበር። በዚያ ላይ ልማዱ ተለማማጁ ለቢሮው ገንዘብ እንዲከፍል ነበር። ሲደልስኪ ይህን ክፍያ ተወለት። ኋላም 50 ፓውንድ አበደረው፤ አሮጌ ሙሉ ልብሱንም ሰጠው። ማንዴላ ያንን ልብስ ለአምስት ዓመት ያህል ለብሶት፣ መጨረሻ ላይ ከጨርቁ ይልቅ እራፊው በዝቶ ነበር። ደመወዙ በሳምንት 2 ፓውንድ ስለነበር ለአውቶቡስ የሚከፍለው ሲያጣ ከአሌክሳንድራ ሰፈር እስከ ቢሮው በእግሩ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ በሻማ ያጠናል።

የገንዘቡ ደግነት ለማውራት ይመቻል። ትልቁ ውለታ ግን ሌላ ነው።

የማንዴላ ሥራ መጀመሪያ ላይ ግማሹ የጸሐፊ፣ ግማሹ የተላላኪ ነበር፦ ሰነድ ፈልጎ ማውጣት፣ ፋይል ማደራጀት፣ ከተማውን እየዞሩ ወረቀት ማድረስ። ቆይቶም ለጥቁር ባለጉዳዮች ውል ማርቀቅ ጀመረ። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚናገረው፣ ሥራው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ሲደልስኪ ለምን እንደሚሠራና ምን እንደሚፈይድ ያስረዳው ነበር። በጀርባው ያለውንም ሐሳብ ይጨምርለታል፤ ሕግ ኅብረተሰብን መለወጫ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ጭምር። ምን እንደተሸከመ የሚያውቅ ተላላኪ እየተማረ ነው።

በእኛ አገር የሕግ ተመራቂ ዘንድ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ወጣቱ አቤቱታ ይዞ ሬጅስትራር ይሰለፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ቀጠሮ ጠይቆ ይመለሳል። ጠበቃው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 ከተዘረዘሩት መቃወሚያዎች አንዱን አንስቶ ሌላውን ለምን እንደተወው ግን የሚነግረው የለም። ለማስረዳት የሚያስፈልገው ከችሎት ወደ ቢሮ በሚወስደው መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ ነው። ወጣቱ ያን ሳያገኝ ዓመት ይሞላዋል፤ ወረቀቱ ላይም «የሥራ ልምድ» ተብሎ ይጻፍለታል።

ሲደልስኪን ቅዱስ ማድረግ ግን አይገባም። በዚያው ቢሮ ጸሐፊዋ እዚህ የዘር ልዩነት የለም ብላ ለማንዴላና ለሌላው ጥቁር ሠራተኛ ለጋውር ራደቤ ሁለት አዲስ ሲኒ መገዛቱን ለማንዴላ ነገረችው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ ማለቷ ነው። ራደቤ አዲሶቹን ትቶ ሆን ብሎ በአሮጌው ሲኒ ጠጣ። ማንዴላ ደግሞ ጸሐፊዋን ማስቀየምም ራደቤን መክዳትም ስላልፈለገ ሻይ አላሰኘኝም አለ። በሌላ ቀን ለአንዲት ነጭ ጸሐፊ ጽሑፍ እያስጻፈ ሳለ ነጭ ደንበኛ ቢገባ፣ አፍራ ሳንቲም ሰጠችውና ሻምፑ ግዛልኝ ብላ ላከችው። ሄዶ ገዛ። አለቃ ደግ ስለሆነ ብቻ ቢሮው ደግ አይሆንም፤ ኃላፊው ተለማማጁን ሌሎች ሠራተኞች እንዴት እንደያዙት ዞር ብሎ ማየት አለበት።

ከሲደልስኪ ይልቅ ብዙም ስሙ የማይነሳው ራደቤ ነው። በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ምሥረታ የተካፈለ፣ አንደበቱ የማይታሰር ሰው ነበር። አንድ ቀን ከቢሮው ሊለቅ መሆኑን ለማንዴላ ነገረው፦ እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ አንተን በውል ተለማማጅ አያደርጉህም። እንዳለውም ለቀቀ፤ ማንዴላም ብዙ ሳይቆይ ውሉን ፈረመ። ለጀማሪ ሰው የእንጀራ ገመዱን የሚለቅ የሥራ ባልደረባ ስንት ይገኛል?

ሲደልስኪ ደጋግሞ የመከረው አንድ ነገር ነበር፦ ፖለቲካ ውስጥ አትግባ። ማንዴላ ምክሩን አልሰማም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1952 የራሱን ቢሮ ሲከፍት፣ ኋላም ከሸሪኩ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር ቻንስለር ሃውስ በተባለው ሕንፃ ውስጥ ደረጃውን የሞላውን ባለጉዳይ ሲያስተናግድ፣ የሠራበት ሙያ ከሲደልስኪ ቢሮ የጀመረው ነው። ተማሪው እንደ አስተማሪው እንዲያስብ መጠበቅ የማሠልጠን ክፍያ ሊሆን አይገባም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚነሳው መከራከሪያ ይታወቃል፦ «አሠልጥኜው ደንበኛዬን ይዞብኝ ይሄዳል።» ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ጠበቃ ሁሉ ለየብቻው ሲሠራ ረዳቱ ነገ ተፎካካሪው ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ግን የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቅዷል፤ ጎበዝ ረዳት ነገ ሸሪክ ሆኖ የሚቀርበት በር ተከፍቷል። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በዚሁ አዋጅ የተቋቋመ ነውና ዝቅተኛውን መስፈርት ሊያወጣ ይችላል፦ ተለማማጅ ደመወዝ ያግኝ፣ ከጠበቃው ጎን ችሎት ይቀመጥ፣ ቢያንስ አንድ መዝገብ ከክስ እስከ ውሳኔ እየተብራራለት ይከታተል። ማኅበሩ ይህን እስኪጽፍ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ረዳቱን ወደ ሬጅስትራር የሚልክ ጠበቃ የአቤቱታውን ምክንያት አስረድቶ ይላከው።