ጥያቄውን የሚዘጋ ምርመራ፦ ‹‹ታይፎይድና ታይፈስ››

በአዲስ አበባም ሆነ በወረዳ ከተሞች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ድካም፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት የያዘው ሰው ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ፣ ደሙ ተቀድቶ ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ ለአስታማሚው የሚነገረው ቃል አስቀድሞ የሚታወቅ ሆኗል፤ ‹‹ታይፎይድና ታይፈስ ነው››። የታመመው ሰው ምን እንደያዘው ለማወቅ ሲጨነቅ የሰነበተ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ እፎይ ይላል፤ በሽታው ስም አግኝቷል፣ መድኃኒቱም ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ ይገዛል። ልማዱ ሲተች የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ያለአግባብ መባከኑና ተሕዋስያን መድኃኒት መላመዳቸው ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ከጉዳቱ ግማሹ ብቻ ነው፤ የባሰው ጉዳት፣ ገና ሊጀመር የሚገባውን ፍለጋ ያለቀ አስመስሎ መዝጋቱ ነው።

ሁለቱን በሽታዎች ከስማቸው መቀራረብና ከትኩሳቱ በቀር የሚያዛምዳቸው ነገር ጥቂት ነው። ታይፎይድ፣ የአንጀት ተስቦ የሚባለው፣ ሳልሞኔላ ታይፊ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣና በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በወረርሽኝ የሚታወቀው ታይፈስ ደግሞ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ በተባለ ፈጽሞ ሌላ ተሕዋስ የሚመጣና በልብስ ቅማል የሚዛመት ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ቅማል አስተላላፊ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ውስጥ አሳይቶ ለታይፈስ ጥናቱ በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አንዱ የውሃና የመጸዳጃ ጉድለት፣ ሌላው በእስር ቤት፣ በጦር ሰፈርና በመጠለያ የሚታይ የመጨናነቅ በሽታ ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሳምንት መገናኘታቸው የማይሆን ነገር ባይሆንም ብርቅ ሊሆን ይገባው ነበር። በየማለዳው ገላዋን ታጥባ ቢሮ የምትገባ የባንክ ሠራተኛ ታይፈስ ተገኘባት ሲባል፣ ቅማሉ ወይም ሌላውን የታይፈስ ዓይነት የሚያስተላልፈው የአይጥ ቁንጫ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ምርመራው ምን ያህል ከሐሳብ ውጭ እንደሚታዘዝ ይመሰክራል።

ለሁለቱም የሚደረገው ምርመራ ተሕዋሱን ራሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው አንቲቦዲን፣ ማለትም ሰውነት ወራሪ ተሕዋስን ለመከላከል የሚያመርተውን ፕሮቲን ነው። ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ በፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896፣ ለታይፈስ የሚታዘዘው ዌል ፊሊክስ ደግሞ በኤድሙንድ ዌልና በአርተር ፊሊክስ በ1916 የቀረቡ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የታይፈሱን ተሕዋስ እንኳ አይጠቀምም። በምትኩ የሚገባው ፕሮቲየስ የተባለ፣ ይልቁንም በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚታወቅ ባክቴሪያ ነው፤ አካሉ ላይ ያለው አንድ ክፍል ከሪኬትሲያው ጋር ስለሚመሳሰል አንቲቦዲው ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ ምርመራው የቆመውም በዚህ መምታታት ላይ ነው።

አሠራሩን ቀርቦ ለሚያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥለታል። ደሙ ከረጋ በኋላ ከላዩ የሚቀረው ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው፣ በመስታወት ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል፤ ከጎኑ ከትንሿ ጠርሙስ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም ያለው የተገደለ ባክቴሪያ አንድ ጠብታ ይጨመራል፤ በእንጨት ተማስሎ መስታወቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ደቃቅ ቅንጣቶች ከተሰበሰቡ ‹‹ሪአክቲቭ›› ተብሎ ይጻፋል። ጠርሙሷ መብራት ሲጠፋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከዋለች፣ ባለሙያው ወረፋ ስለበዛበት ጠብታው ጠርዙ ላይ እስኪደርቅ ካቆየው፣ ወይም ብርሃኑ ደካማ ከሆነ፣ ቅንጣት የሌለበት ቅንጣት ይታያል። ከዚህም በላይ ታይፎይድን ከዓመት በፊት የታመመ ሰው፣ ሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ ያገኘው ሰው፣ አልፎ ተርፎም ወባ የያዘው ሰው በዊዳል ‹‹ሪአክቲቭ›› ሊሆን ይችላል። ምርመራው ትርጉም እንዲኖረው ከተፈለገ ደም ሁለት ጊዜ፣ ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ልዩነት፣ ተወስዶ የአንቲቦዲው መጠን በአራት እጥፍ መጨመሩ መታየት እንዳለበት የሕክምና መጻሕፍት ያስተምራሉ፤ ሐኪሞቹም ይህን ተምረው ተመርቀዋል። ይሁንና ‹‹ከዐሥር ቀን በኋላ ተመለስና ድገም›› የተባለ ታካሚ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የስህተቱ ስፋት በግምት የሚነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ትኩሳት ይዟቸው በመጡ 270 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የዊዳልን ውጤት ከደም ካልቸር ጋር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ በዓይን ከሚያሳየው ምርመራ ጋር አስተያይቷል። ዊዳል 88 ሰዎችን ታይፎይድ አለባቸው ሲል፣ ካልቸሩ የታይፎይድን ባክቴሪያ ያገኘው በሰባት ሰዎች ብቻ ነበር፤ ከ88ቱም መካከል በካልቸር የተረጋገጠላቸው አምስት ናቸው። ካልቸርም ቢሆን የታይፎይድን በሽተኛ ግማሽ ያህሉን ሊስት እንደሚችል ስለሚታወቅ ሰባቱ ዐሥራ አራት ናቸው ቢባል እንኳ፣ ከ88ቱ አብዛኞቹ የሌለባቸውን በሽታ ስም ይዘው ወደ ቤታቸው ለመሄድ የተዘጋጁ ነበሩ። በአንጻሩ ያው ጥናት ዊዳል ‹‹የለም›› ሲል ብዙውን ጊዜ ትክክል መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ምርመራው የሚረባው ታይፎይድን ለማስወገድ ሆኖ ሳለ፣ አገሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ታይፎይድን ለመፍረድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ‹‹መድኃኒቱን ወስዶ ተሽሎታል››። የልማዱ ጽኑ ምሽግ ይህ አባባል ስለሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ትኩሳት መድኃኒት ተወሰደለትም አልተወሰደለትም በሳምንት ውስጥ ይበርዳልና፣ በአራተኛው ቀን ሲፕሮፍሎክሳሲን የጀመረ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲነሳ ምስጋናው ለሲፕሮው ይሆናል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ ቦሬሊያ በተባለ ተሕዋስ የሚመጣው፣ ደግሞ ከጠባዩ ለቀቅ አድርጎ ከቀናት በኋላ የሚመለስ ነው፤ ለወባ ተብሎ በሚሠራ ተራ የደም ፊልም በማይክሮስኮፕ ሊታይ የሚችል በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ለቀቅ ያለበት ቀን ከክኒኑ ጋር ከተገጣጠመ ለታይፎይዱ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል።

ያልተፈላ ወተት ከመጠጣትና ከብት ከማዋለድ ጋር የሚያያዘው ብሩሴሎሲስ ከዚህ የረቀቀ ነው። ትኩሳቱ ይሄዳል ይመጣል፣ ወገብንና መገጣጠሚያን ይቆረጥማል፤ ሕክምናው ዶክሲሳይክሊን ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ለስድስት ሳምንታት ያህል መወሰዱ ነው። ‹‹ታይፈስ ነው›› ተብሎ ዶክሲሳይክሊን ለሰባት ቀን የታዘዘለት የብሩሴሎሲስ ታማሚ በእርግጥ ይሻለዋል፤ ከወር በኋላ ሲያገረሽበትም ‹‹ታይፈሱ ተመለሰ›› ይባልና ያው ሰባት ቀን ይደገማል። ከሁሉም የሚከፋው የሳንባ ነቀርሳ ነገር ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል የማዳከም ኃይል ስላላቸው ሳሉና ላቡ ጥቂት ጋብ ይላል፣ ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ አክታው ሳይመረመር ወራት ይነጉዳሉ፣ በዚያውም ሚስቱና ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረውት ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ‹‹ተሽሎታል›› የሚለው ቃል ምርመራው ልክ ስለመሆኑ የሚናገረው አንዳችም ነገር የለም።

ዋጋውን ይበልጥ የሚከፍሉት ከሐኪም ቤት የራቁት ናቸው። ከደጋው ወርዶ በሑመራና በመተማ እርሻዎች ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ አልለቅ ካለው፣ እየከሳ ከሄደና ከግራ ጎድኑ ሥር ጣፊያው ካበጠ፣ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ካላ አዛር ነው፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል፣ ነገር ግን ፈጣን የደም ምርመራ ያለው በሽታ ነው። ይህን ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ‹‹የት ነበርክ?›› ብሎ መጠየቅና ሆዱን በእጅ ዳስሶ ማየት ነው። ጥያቄውም ዳሰሳውም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ደግሞም አያስገኙም።

የልማዱ ጠበቆች ሁለት ተጨማሪ መከራከሪያ አላቸው። የደም ካልቸር በጤና ጣቢያ ደረጃ የለም፣ ካለበትም ውጤቱ ቀናት ይወስዳል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው፣ ታይፎይድም አንጀት እስከመብሳት የሚደርስ የምር በሽታ ስለሆነ ሐኪሙ ጠንካራ ጥርጣሬ ካለው ውጤት ሳይጠብቅ ሊያክም ይገባዋል። ነገር ግን በጥርጣሬ ማከምና በማረጋገጫ ማከም የተለያዩ ናቸው። በጥርጣሬ የሚያክም ሐኪም ጥርጣሬውን ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ በሦስትና በአምስት ቀን ካልበረደ ምን እንደሚከተል ለታካሚው ይነግራል፤ ‹‹ሪአክቲቭ›› የሚል ወረቀት የያዘው ግን በዚያው ይለያያል። ሁለተኛው መከራከሪያ ታካሚው ራሱ ስም ይፈልጋል የሚል ነው። በግ ሸጦ፣ ከገጠር በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ቤተሰብ ‹‹ገና አልታወቀም›› ተብሎ ቢሸኝ ሐኪሙን ችሎታ የለውም ብሎ ወደሚቀጥለው ክሊኒክ እንደሚሄድ አይካድም። ይህ ግን ስም ለመፍጠር ፈቃድ አይሆንም፤ ደግሞም ‹‹ገና አልታወቀም›› የሚለው ቃል ያለ ቀጠሮና ያለ ዕቅድ ሲነገር መባረር ስለሚመስል እንጂ ሰዉ እውነት ስለሚጠላ አይደለም።

በዚህ መካከል አስታማሚው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ይዞራል። ወረቀቶቹ ከሦስትና ከአራት ክሊኒክ የመጡ፣ አንዱ ሌላውን ያላየ፣ ሁሉም ግን ዊዳልና ዌል ፊሊክስ ያለባቸው ናቸው፤ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ የሰውነት ክብደት ወይም የተወሰደው መድኃኒት ስም የተጻፈበት ወረቀት ግን እምብዛም አይገኝባቸውም። ቤተሰቡ ራሱ በተራ ደብተር ትኩሳቱ የመጣበትን ሰዓት፣ የሌሊት ላቡን፣ የቀነሰውን ኪሎና የዋጠውን ክኒን ቢመዘግብ፣ ለቀጣዩ ሐኪም ከአራቱ ‹‹ሪአክቲቭ›› ይልቅ የሚጠቅም ነገር ያቀርብለታል።

በብዙ የላቦራቶሪ መጠየቂያ ቅጾች ላይ ሁለቱ ምርመራዎች ጎን ለጎን ታትመው እያንዳንዳቸው አንድ የእስክሪብቶ ጭረት ይጠብቃሉ። ዌል ፊሊክስ ከቅጹ ጨርሶ ቢወጣ፣ ከዊዳል ፊት ደግሞ ትኩሳቱ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነና የወባ ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ካልተሞላ ናሙና የማያስቀብል ባዶ መስመር ቢጨመር፣ ለሕትመት ከሚወጣው ወረቀት በቀር የሚያስወጣው ወጪ የለም። ለውጡን አጥብቀው የሚቃወሙትም የዕለት ገቢያቸው በእነዚያ ሁለት ጭረቶች ላይ የተመሠረተ ክሊኒኮች ይሆናሉ።