በጣና ዳር ስለሚዘረጋው ገበታ

ሰው ከዕለት ሥራው ዐርፎ ለመዝናናት ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ፤ ምግቡን በቤት ውስጥ ከመብላት ይልቅ በዛፍ ጥላ ሥር፤ በገደል አፋፍ ወይም በውሃ ዳር ተቀምጦ መመገብን መውደዱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለው በመምሬ ዛፍ ሥር ነው። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የጠበቃቸው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር እንደ ሆነ የዮሐንስ ወንጌል ይመሰክራል። አዲስ የሆነው ይህ የቆየ ልማድ የመንግሥትና የነጋዴ ሥራ፤ የብዙ ቤተ ሰብም መተዳደሪያ መሆኑ ነው።

በላሊበላ በገደል አፋፍ የተሠራው ቤን አበባ የተባለው ምግብ ቤት ስሙ የተነሣው ከወጡ ይልቅ ከፊቱ በተዘረጋው ሸለቆ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የጣና ዳርቻ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ሸለቆ ይታያል እንጂ አይበላም፤ ሐይቁ ግን ይታያልም ይበላልም። እንግዳው የሚያየው ውሃና በሳሕኑ የሚቀርብለት ዓሣ አንድ ሀብት ስለ ሆኑ፤ አንዱን የሚያበላሽ ሁለቱንም ያበላሻል።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት በተደረገው ገበታ ለሸገር፤ አንድ እንግዳ ለአንድ እራት 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ እንደ ነበረ ይታወሳል። በዚያው አኳኋን በ2012 ዓ.ም. ገበታ ለሀገር በተጀመረ ጊዜ፤ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር የተመረጠችው የጣና ሰሜን ዳርቻ ጎርጎራ ናት። ሌላው ሰው ወደ ፊት በውሃ ዳር እንዲመገብ ባለጸጎች አስቀድመው በአዳራሽ መመገባቸው ነው። በጎርጎራም የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። እንግዲህ ነገሩ በጎርጎራ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በምዕራቡ ዳርቻ በጣቁሳ ወረዳ ያለችው ደልጊ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ይነካቸው ከነበሩት ወደቦች አንዷ ናትና፤ እንግዳ ሲበዛ የውሃ ዳር መሬቷን የሚጠይቅ መምጣቱ አይቀርም።

የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊ ገበታ ነው፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ነው። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ ቶሎ ይደርስበታል። እንቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ እንዴት እንደ ወረረ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሕዝብ ለዘመቻ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ነጭ ዓሣ የሚባለው ዘር ደግሞ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ከመጪው ዓመት ዓሣ ጋር ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ነገር ለሊቃውንት የሚተው ነው፤ ገበያው ግን በጾም ወራት ፈላጊው እንደሚበዛ ይናገራል። በዚህ ላይ የምግብ ቤቶች ፈላጊነት ሲጨመር፤ የመራቢያው ወራት ካልተጠበቀ የደልጊ አሥጋሪ ለጥቂት ዓመት ጥሩ ዋጋ አግኝቶ ከዚያ በኋላ ባዶ መረብ ይጎትታል።

ደንገሉም ችላ የሚባል አይደለም። ለባለ ምግብ ቤቱ ደንገል የእንግዳውን ዓይን የሚጋርድ ሣር ይመስለዋልና ይመነጥረዋል። ዳሩ ግን ከየብስ የሚመጣውን ጭቃ የሚያጣራው፤ ለጫጩት ዓሣ መጠለያ የሚሆነው፤ ታንኳ የሚሠራበትም እርሱ ነው። ዳርቻውን መንጥሮ ዓሣ መጠበቅ ጎተራውን አፍርሶ እህል እንደ መጠበቅ ነው።

በደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማት በዚህ ነገር ቀዳሚዎች ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ሴቶች ግን እንዳይገቡ የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ የገባውም እንደ ቦታው ሥርዓት ይሆናል። ዛፋቸው ሳይቆረጥ የኖረው ለእንግዳ «እስከዚህ» ማለትን ስለሚያውቁ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ክልሎች ጋር ሲመዘገብ፤ ከተቈጠረለት ሀብት አንዱ ይኸው የገዳማት ደን ነው። በደልጊ ዳርቻ ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን «እስከዚህ» ማን ይነግረዋል?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት እንግዳውን አሳንሶታል። ይህ ለባለ ምግብ ቤቱም ለአሥጋሪውም ትልቅ ጉዳት ነው። ነገር ግን ሰላም ሲመለስና መንገዱ ሲከፈት ጥያቄው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ፤ የወረዳው ሹማምንት የመሬት ምሪት ከመስጠታቸው በፊት ሕንፃ ከውሃው ስንት ሜትር ርቆ እንዲሠራ፤ የወጥ ቤትና የመጸዳጃ ፍሳሽ ወዴት እንዲሄድ፤ ዓሣ በየትኞቹ ወራት እንዳይጠመድ ከአሥጋሪዎቹና ከካህናቱ ጋር መክረው በጽሑፍ ሊያኖሩት ይገባል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ደንብ ባለ ቤቱን ያከስራል፤ ወይም ደንቡ ራሱ ይቀራል፤ በባሕር ዳር ከተማ የሐይቅ ዳር ቦታዎችም ብዙ ጊዜ የሆነው ሁለተኛው ነው።