ትጥቁ የሞላ፣ ስንቁ የጎደለ

የጥንት ሰው ለረጅም መንገድ ሲነሣ ሁለት ነገር ያሰናዳ ነበር፤ ስንቅና ትጥቅ። የዘንድሮ ብስክሌተኞች ግን አንዱን ረስተናል። ሁለት ብስክሌተኞች ቆመው ሲያወሩ እስኪ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ወሬው ስለ ማርሽ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ሄልሜት፣ ስለ ማልያ ነው። «ምን በልተህ ወጣህ?» ብላችሁ ጠይቁማ! «ኧረ ምንም፣ ሻይ ብቻ» ይላችኋል። ያውም ደረቱን ነፍቶ።

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ጀግንነት አይደለም። ስሙ ጠኔ ነው።

ነገሩ የወኔ ሳይሆን የሒሳብ ነው። ጠንከር አድርጎ ለሚነዳ ሰው ዋናው ነዳጅ በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ነው። ክምችቱ ደግሞ ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢያዘልቅ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሲሄዱ ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ባዶ ሆዱን የወጣውም ንጉሥ ነው። ሲመለሱ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። እግር ይዝላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል። በጎን ደግሞ ሲኖትራክ ይበራል! «ስለ ምግብ ማውራት ቅንጦት ነው» የምትሉ፣ እስኪ እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡ።

«ባዶ ሆድ መንዳት ስብ ያቃጥላል» የሚሉ አሉ። ለአንድ ሰዓት የቀስታ ሽርሽር ይሁንላቸው፤ አልከራከርም። ለአራት ሰዓት መንገድ ግን አይሠራም። ሌሎቹ ደግሞ «ሥጋ ጉልበት ነው» ብለው በማለዳ ጥብስ በልተው ይወጣሉ። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። እነዚህ ወንድሞች ተሸክመውት የሚወጡት ጉልበት ሳይሆን ቃር ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ለሴት ልጆች የሚሰጠው ምክር ነው፦ «ከቀነስሽ ዳገቱ ይቀልሻል፤ አትብዪ»። የሚያወጣውን ጉልበት ያህል የማይበላ ስፖርተኛ የወር አበባ መዛባትና የአጥንት መሳሳት ሊገጥመው እንደሚችል የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ለችግሩ ስም ሰጥተው አስጠንቅቀዋል። ጉዳቱ ወንዶችንም አይምርም። የልጅቷን አጥንት አስከፍሎ ዳገት ማስወጣት አሠልጣኝነት አይባልም።

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በዚያ ውድድር ጋላቢዎቹ በመንገድ ዳር የስንቅ ከረጢት ይቀበላሉ፤ እየነዱ ይበላሉ። የዓለም ጠንካሮች እየበሉ የሚሄዱበትን እኛ በባዶ ሆድ እንሞክራለን!

«ታዲያ ጄሉን ከየት እናምጣ?» ይሄ ሌላው ሰበብ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ጄል ከ20 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። አንድ መካከለኛ ሙዝም 25 ግራም ገደማ አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ከ30 ግራም በላይ ይሰጣል፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለያዘም አንጀት ሁለቱን በየመንገዳቸው ይቀበላቸዋል። በሶ ደግሞ የዘማች ስንቅ ነበር። በውኃ፣ በማርና በቁንጥር ጨው ታሽቶ ጭብጦ ሲሆን የማልያ ኪስ ይገባል። ግን የአገራችን ነው ተብሎ ሁሉ አይሆንም። ጭኮ ቅቤው ስለሚበዛ በመንገድ ላይ ይከብዳል። ቆሎም እያለከለኩ አይታኘክም፤ ቆም ስትሉ ይሁን።

ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ማታ እንጀራ በሽሮ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ ብሉ። ጠዋት ከመውጣታችሁ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀደም ብላችሁ ዳቦ በማር ወይም አጥሚት ውሰዱ። መንገድ ላይ እስኪርባችሁ አትጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምራችሁ በየ20 እና 30 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ቅመሱ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል ለሚያልፍ ጠንካራ ጉዞ፣ ሆዳቸውን ያስለመዱ እስከ 90 ይደርሳሉ። ከኮዳችሁም ቶሎ ቶሎ ተጎንጩ። አዲስ ምግብ በልምምድ እንጂ በውድድር ቀን አይሞከርም። የሚጾም ሰውም አይጨነቅ፤ በሶውም ማሩም የጾም ነው። ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ግን ረጅሙን መንገድ ለሌላ ቀን ያቆየው።

ክለብ የምትመሩ ሰዎች ሆይ! ማልያ ስታድሉ ሙዝም አድሉ። «የማይበላ ጎበዝ ነው» የሚለውን ጨዋታም ዛሬውኑ ተዉት።

በሉ፣ ስንቃችሁን ቋጥራችሁ ውጡ። ቸር እንሰንብት!