ለንብ የሚቀር ድርሻ



የዓመቱ አራት ክፍሎች ክረምት፤ መጸው፤ በጋና ጸደይ መሆናቸውን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ከእነዚህም ውስጥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መጸው የአበባና የእሸት ወራት ነው። የደጋውና የወይና ደጋው ሜዳ በአደይ አበባ፤ በመችና በኑግ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ማገጡም በየመስኩ ያብባል። ንብ ከማለዳ እስከ ምሽት ሳታርፍ ትመላለሳለች፤ ባለቀፎውም ቢላዋውን ስሎ ማር የሚቈርጥበትን ቀን ይጠባበቃል።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለሚቈረጠው ማር ሳይሆን ሳይቈረጥ ሊቀር ስለሚገባው ነው። ማሩን ማውጣት የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ለንቢቱ ድርሻዋን መተው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህንንም የምጽፈው እንደ መምህር ሆኜ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቱ እንደ ተማረ ሰው ሆኜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጓሮዬ ሁለት ቀፎ ንብ ነበረኝ። በኅዳር ወር በቤታችን ሠርግ ስለ ነበረ ለጠጁ ማር አስፈለገ። በገበያ ዋጋውን ጠይቄ ብደነግጥ፤ በቤቴ ማር ሳለ ለምን እገዛለሁ ብዬ ሁለቱንም ቀፎ ከዳር እስከ ዳር ቈረጥሁ፤ እጭ ያለበትን እንጀራ እንኳ አልማርሁም። ጠጁ አማረ፤ እንግዶቹም መርቀውን ሄዱ። የካቲት በገባ ጊዜ ግን አንደኛው ቀፎ ዝም አለ። ብከፍተው በባዶው የሰም ቤት ውስጥ ራሳቸውን ወደ ውስጥ ቀብረው የሞቱ ንቦችን አገኘሁ፤ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲፈልጉ የሞቱ ናቸው። ሁለተኛው ቀፎ ደግሞ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በአንድነት ተነሥቶ ወደ ጐረቤቴ ወደ አንዲት አሮጊት ጓሮ ሄደና በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ከነበረ ባዶ ቀፎ ገባ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነውና ክስ እንዴት እንደሚጻፍ አላጣሁትም። በልቤ ማመልከቻውን እያዘጋጀሁና ምስክሮቼን እየቈጠርሁ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድሁ።

«እማማ፤ ከቀፎዎ የገባው ንብ የእኔ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ሲመጣም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ና እስቲ ተመልከት» ብለው ወደ ዛፉ ሥር ወሰዱኝ። በአንድ ገል ላይ በማር የታሸ በሶ፤ በሌላው ገል ላይ ደግሞ ጠጠር የተደረገበት ውሃ አስቀምጠውለት ነበር። «ርቦት የመጣ እንግዳ ነው፤ የማን ነህ ሳልል አበላሁት። የአንተ ከሆነም ውሰደው። ከመውሰድህ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ በኅዳር ስትቈርጥ ምን ያህል ተውህለት?»

መልስ አልነበረኝም። በፍርድ ቤት ብዙ ተከሳሽ ቃል ሲያጣ አይቻለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ቃል ያጣው ከሳሹ ሆነ። ክሱም ሳይጻፍ፤ ንቡም ከእርሳቸው ዘንድ ቀረ። በዓመቱ ንቡ በዝቶ በሰደደ ጊዜ አዲሱን መንጋ በቀፎ አድርገው ላኩልኝ። ከዚያ ወዲህ ከእርሳቸውና ከመጻሕፍት የተማርሁትን እነሆ ለቤተ ሰብ እንዲጠቅም እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ንብ ማርን የምትሠራው ለማን እንደ ሆነ እንወቅ። ማር የንብ ጐተራ ነው። አበባ በሌለበት፤ ዝናብና ብርድም መውጣትን በሚከለክልበት ወራት የምትበላው እርሱን ነው። በፈረንጅ አገር ይህ ነገር በግልጥ ይታያል። የእነርሱ መጸው የአበባ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ነው፤ ከእርሱም በኋላ በረዶ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ንቦቹ በቀፎው ውስጥ እንደ ኳስ ተጠጋግተው፤ አውራዋን በመካከል አድርገው፤ የክንፋቸውን ጡንቻ እያንቀጠቀጡ ሙቀት ይሰጣሉ። የዚህ ሙቀት ማገዶው ማር ነው። በበጋቸው የተወለደች ሠራተኛ ንብ 6 ሳምንት ያህል ስትኖር፤ በመጸው የተወለደችው ግን በሰውነቷ ስብ አከማችታ እስከ 6 ወር ትቈያለች። በእንግሊዝና በጀርመን አገር አንድ ቀፎ ብርዱን ለማለፍ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ማር ያስፈልገዋል ይባላል። ስለዚህ የዚያ አገር ባለቀፎ ማሩን ከቈረጠ በኋላ ቀፎውን በእጁ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ይገምታል፤ የጐደለውንም ብርዱ ሳይገባ በስኳር ውሃ ይሞላል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ የለም፤ ረኃቡ ግን አለ፤ እርሱም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው የመጸው አበባ ከረገፈ በኋላ በበጋ፤ ይኸውም ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሁለተኛው በክረምት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚህ ጊዜ ዝናቡ አበባውን ያጥባል፤ ንቢቱንም ከቤት ያግታታል። በእርግጥ ወራቱ እንደ አገሩ ይለያያል፤ የበልግ ዝናብ በሚዘንብበት አገር በመካከል ሌላ አበባ ስለሚገኝ ችግሩ ይቀላል። ደግሞም የአገራችን ንብ አንድ ጠባይ አላት። የፈረንጅ አገር ንብ በተራበች ጊዜ በአብዛኛው ከቀፎዋ ሳትወጣ ትሞታለች፤ የእኛይቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀፎዋን ጥላ ትኰበልላለች። ስለዚህ ባለቀፎው ከጥቂት ኪሎ ማር ጋር መንጋውን በሙሉ ያጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ በሚቈረጥበት ጊዜ መተው ነው። ከሁሉ የሚሻለው ቀለብ የራሷ ማር ነውና በመጸው የተተወ አንድ እንጀራ በየካቲት ከሚሰጥ ብዙ ስኳር ይበልጣል። በአገር ቀፎ አብዛኛውን ጊዜ እጩ ወደ መግቢያው፤ ማሩ ወደ ኋላ ይገኛል። ስለዚህ ከኋላ በኩል ከፍቶ፤ በጥቂት ጢስ ንቡን ገለል አድርጎ፤ የታሸገውን ማር ብቻ መቍረጥ ነው። እጭና የአበባ ዱቄት ያለበት እንጀራ አይነካ፤ ከእርሱም ጋር የተያያዘው ማር ለንቢቱ ይቅር። ላንግስትሮት የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. ፈቃድ ባወጣበት፤ እንጀራው በእንጨት ክፈፍ ላይ በሚሠራበት ሣጥን የሚጠቀም ሰው ደግሞ የላይኛውን ሣጥን ይቍረጥ፤ የታችኛውን ይተው።

ሁለተኛ፤ ረኃቡን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከኋላ በኩል ቀፎውን ጥቂት ከፍ አድርጎ ክብደቱን የለመደ እጅ አይሳሳትም። ንቢቱ የአበባ ዱቄት በእግሮቿ ይዛ መግባቷን ከተወች፤ ነጫጭ እጮችም ከደጅ ተጥለው ከታዩ ቀፎው ተርቧል። ሲራቡ እጩን መመገብ ስለማይችሉ አውጥተው ይጥሉታልና።

ሦስተኛ፤ መመገብ ነው። ይህ ሥራ በአብዛኛው የማድ ቤት ሥራ ስለ ሆነ እመቤቶች በተለይ ቢያነቡት መልካም ነው። ውሃውን አፍልቶ ከእሳት ማውጣት፤ ነጭ ስኳር ጨምሮ እስኪሟሟ ማማሰል፤ ለብ እስኪል ማቈየት ነው። ንቢቱ እንድታስቀምጠው ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ስኳር፤ ለዕለት ምግብና አውራዋ እንቍላል እንድታበዛ ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስኳር ይበቃል። ስኳሩ በእሳት ላይ አይረር፤ ያረረ ስኳር ለንብ መርዝ ነው። ያልተጣራ ቡናማ ስኳርም ሆዷን ያውካል፤ በተለይም ዝናብ ከቤት ባገታት ጊዜ ይጐዳታል። ከገበያ የተገዛ፤ ከየት ቀፎ እንደ መጣ ያልታወቀ ማርም አይሰጣት፤ የሌላ ቀፎ በሽታ ከማሩ ጋር ይመጣልና።

አቀራረቡም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ምግቡ በጠፍጣፋ ዕቃ ሆኖ በቀፎው ውስጥ ይቀመጥ፤ ንቦቹ ቆመው የሚጠጡበት ጭድ ወይም ስንጥር እንጨት በላዩ ይጣል፤ ያለዚያ ሰምጠው ያልቃሉ። ጊዜው ምሽት ይሁን፤ አንዲት ጠብታም በደጅ አትፍሰስ። በቀን የፈሰሰ ጣፋጭ የሌላውን ቀፎ ንብ ይጠራል፤ ከዚያም ጠንካራው ደካማውን ይዘርፋል። ስለዚህ የደካማውን ቀፎ መግቢያ ሁለት ሦስት ንብ ብቻ እንዲያሳልፍ ማጥበብ ይገባል። መጠኑም በአንድ ሌሊት የሚጨርሱት ያህል ይሁን፤ የተረፈና የኰመጠጠ ይደፋ።

አራተኛ፤ ስኳር ብቻ አይበቃም። ሰው በጠጅ ብቻ እንደማይኖር ንብም እጯን በጣፋጭ ብቻ አታሳድግም፤ ሥጋ የሚሆናት የአበባ ዱቄት ነው። እርሱ በጠፋ ጊዜ አባቶቻችን የገብስ በሶ ወይም የባቄላና የሽምብራ ዱቄት ይሰጧት ነበር፤ ዛሬም የሚመከረው ይኸው ነው። እህሉ ተቈልቶ፤ እጅግ ልሞ ተፈጭቶ፤ በወንፊት ተነፍቶ ዝናብና ጤዛ በማያገኘው ስፍራ በደረቁ ይቀመጥ፤ ወይም በራሷ ማርና በስኳር ውሃ ይታሽ። ነገር ግን በማድ ቤት ተሰናድቶ የተቀመጠውን ሽሮ አንሥታችሁ እንዳትሰጡ አደራ፤ በርበሬና ጨው አለበትና። ዱቄቱ ከቅመሙ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ።

አምስተኛ፤ ውሃንና ጥበቃን አትርሱ። በበጋ ሩቅ ወንዝ የምትሄድ ንብ በመንገድ ትደክማለች፤ ጠጠር ያለበት ገል ጥላ ሥር ቢቀመጥ ብዙ ድካም ያድናታል። በክረምት ደግሞ ቀፎው ወደ መግቢያው ጥቂት ዘንበል ቢል ውሃው ይወርዳል፤ በላዩም የሣር ክዳን ይደረግ። በመቆሚያው ዙሪያ አመድ መነስነስ ጉንዳንን ይከለክላል። ጐረቤት በእርሻው የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት ሊረጭ ባሰበ ጊዜ ምሽት ላይ እንዲያደርገውና አስቀድሞ እንዲነግረን በሰላም መለመን ነው። ንብ የጐረቤትን አጥር አታውቅምና የአንዱ ሥራ ሌላውን ይነካል።

ስድስተኛ፤ መመገቡን በጊዜው ማቆም ነው። አዲሱ አበባ እንደ ታየ፤ በቀፎው ውስጥም ማሩ መግባት እንደ ጀመረ ስኳሩ ይቋረጥ። ንብን ከረኃብ ለማዳን የተሰጠ ስኳር ምጽዋት ነው፤ በአበባ ወራት የተሰጠ ግን ማር ተብሎ ይሸጣልና ማታለል ነው። አገራችን በማር ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ ይህም ስም የሚጠበቀው በያንዳንዱ ባለቀፎ እውነተኛነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውና በየዓመቱ ወጪ የማይጠይቀው ምግብ ግን በአጥር ዙሪያ የሚተከል ነው። ግራዋ በበጋ ያብባል፤ ብሳናና ዋንዛም በየጊዜያቸው ያብባሉ፤ በትግራይና በላስታ ለነጩ ማር ምክንያት የሚሆነው የጠብብ ቍጥቋጦም ለሚስማማው አገር መልካም ነው። ምክር የሚሻ ሰው በሆለታ ያለውን የንብ ምርምር ማእከል ወይም በወረዳው ያለውን የእርሻ ሠራተኛ ቢጠይቅ ያተርፋል።

በቤታችን ዛሬ የኅዳር ማር ሲቈረጥ ሳሕን ይዘው የሚጠብቁት ልጆች አስቀድመው፦ «የንቧ ድርሻ ቀርቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ያስተማርኋቸው እኔ አይደለሁም፤ እማማ ናቸው። እኔም ቀፎውን በከደንሁ ቍጥር በሰው ቤት በገል የቀረበውን በሶ አስታውሳለሁ። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባላል፤ በምንሰፍርበት ጊዜ ግን የመጀመሪያው ስፍር ለሠራተኛዋ ይሁን።