አስተያየታችን ለማን ይድረስ?

ባለፉት ሁለት ሳምንታት በሁለተኛ ዓመት የሳይንስ ተማሪዎች መካከል አንድ የፊርማ ወረቀት ሲዘዋወር ሰንብቷል። ወረቀቱ የተጻፈው ለዲኑ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፥ የሚጠይቀውም የኤሌክትሪክና የማግኔት ትምህርት የሚሰጡት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ከዚህ ኮርስ እንዲነሡ ነው። ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ ጽሑፉ በዚህ ጋዜጣ እንዲወጣላቸው ጠየቁን። በማግሥቱ ደግሞ ሌሎች መጥተው፥ «ይህ የሰው ስም ማጥፋት ነው፤ መልሳችንን አትሙልን» አሉን። ሁለቱንም አላተምንም። ነገር ግን ጉዳዩ የአንድ ክፍል ብቻ ስላልሆነና የተማሪዎች ማኅበርም በእንዲህ ያለው ነገር ዝም ይበል ዘንድ ስላልተቋቋመ፥ በበኩላችን የሚመስለንን እንናገራለን።

አስቀድመን የሰማነውን እንጻፍ። የሚያማርሩት እንዲህ ይላሉ፦ ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን አዙረው ለሰሌዳው ያስተምራሉ፤ ገልብጠን ሳንጨርስ ያጠፉታል፤ ከኩሎም ሕግ ተነሥተው የጋውስን ሕግ በአንድ ቀን ጨርሰውታል፤ ጥያቄ ሲቀርብላቸው «ይህማ ግልጽ ነው» ብለው ያልፋሉ፤ የአጋማሹ ፈተና ግን በክፍል ካየናቸው ምሳሌዎች አንዱን እንኳ አይመስልም ነበር። የሚደግፏቸው ደግሞ በበኩላቸው፥ የወየበ ማስታወሻ ይዘው እየመጡ ከዓመት ዓመት ያንኑ ከሚያነቡልን ሰዎች ጋር አታወዳድሯቸው ይላሉ። ቀመሩ ከየት እንደ መጣ ያሳያሉ፤ ላቦራቶሪውን ለረዳት ትተው አይሄዱም፤ ከሰዓት በኋላም ቢሯቸው ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው።

ከደጋፊዎቹ አንዱ የነገረንን ሳንጠቅስ አናልፍም። ይህ ተማሪ የጋውስ ሕግ አልገባው ብሎ ቢሯቸው ቢሄድ፥ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ብርቱካን አንሥተው ዙሪያውን የክብሪት እንጨት ሰኩበት። «አሁን ይህ ብርቱካን በአንድ ትልቅ ኳስ መካከል ተቀምጧል እንበል። እንጨቶቹ ቢረዝሙ ኳሱን ስንቱ ይበሱታል?» ብለው ጠየቁት። ኳሱ ቢሰፋም ቢጠብም የእንጨቶቹ ቁጥር ያው ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የኳሱ ገጽ አራት እጥፍ ይሰፋል፤ በአንድ ስንዝር ቦታ ላይ የሚያርፈው እንጨት ግን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ቢባዙ ድምሩ አይለወጥም። ተማሪው በአሥራ አምስት ደቂቃ ገብቶት ወጣ።

እንግዲህ ያ ብርቱካን ስለ ምን ወደ አዳራሹ አልገባም? ብለን እንጠይቃለን። ነገሩን ስናስተውለው ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነው። ቢሮ የሄዱት ጥቂቶች ቢሮ ያዩትን፥ አዳራሽ የተቀመጡት ብዙዎች አዳራሽ ያዩትን ይመሰክራሉ፤ ሰውየው ግን አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በአዳራሽ ውስጥ ጥያቄ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቻችን ጥያቄውን በልባችን በአማርኛ እናስባለን፤ ከዚያ ሰዋስውን እናስተካክላለን፤ ጓደኛ እንዳይስቅብን ደግመን እንመዝናለን፤ ይህ ሁሉ እስኪሆን ሰሌዳው ተጠርጎ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን በበረንዳው ላይ የማይጠየቅ ነገር የለም፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ብቻ ይጠፋል። ፕሮፌሰሩም የዝምታችንን ትርጉም «ገብቷቸዋል» ብለው ቢወስዱት አይፈረድባቸውም።

አስተያየት የምንሰጥበት መንገድ የለም እንዳይባል፥ የሴሚስተሩ መጨረሻ ሲቃረብ የግምገማ ቅጽ ይታደለናል። ከአንድ እስከ አምስት ባሉት ቁጥሮች ላይ ምልክት እያደረግን፥ ልባችን ፈተናው ላይ እንዳለ፥ በጥቂት ደቂቃ ሞልተን እንመልሳለን። በዚያ ጊዜ ትምህርቱ አልቋል፤ የጻፍነውም ቢጠቅም ለሚመጣው ዓመት ተማሪ እንጂ ለእኛ አይደለም። ለመምህሩ የሚደርሰው አማካይ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ከአምስት ሦስት አገኘህ ቢባል፥ ሰሌዳውን ቶሎ ማጥፋቱን ወይስ የጋውስን ሕግ ማስሮጡን ከዚያ ቁጥር እንዴት ያውቃል?

ይህ ችግር በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1963 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለአንደኛና ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ አስተምረው ነበር። ትምህርታቸው በሦስት ቅጽ ታትሞ እስካሁን በዓለም ላይ ይነበባል፤ ራሳቸውም በ1965 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እኒህ ሰው ለመጽሐፉ በጻፉት መቅድም፥ 180 ያህል ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ በትልቅ አዳራሽ እየተሰበሰቡ ሲሰሟቸው፥ ትምህርቱ መግባቱን አለመግባቱን የሚያስታውቃቸው ነገር ከተማሪው ዘንድ አለመምጣቱን እንደ ብርቱ ችግር ቈጥረውታል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ፈተናውን የሠሩበትን አኳኋን ተመልክተውም በሥራቸው እንዳልረኩ አልሸሸጉም። ያን የመሰለ አንደበት ያለው ሰው እንዲህ ካለ፥ የእኛው ፕሮፌሰር ከዝምታችን ምን ሊያነቡ ይችላሉ?

ፈራሚዎቹም ደግሞ የሚከተለውን ቢያስቡበት እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ዮርክ ዩኒቨርስቲ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህር ከነበሩት ከፕሮፌሰር ሜይትላንድ ጆንስ 350 ተማሪዎች መካከል 82ቱ ፈርመው አቤቱታ አቀረቡ። የተማሪዎቹ ቅሬታ ኮርሱ ከመጠን በላይ መክበዱና ማርኩ ከድካማቸው ጋር አለመመጣጠኑ ነበር። ይባረሩ አላሉም። ዩኒቨርስቲው ግን የ84 ዓመቱን አዛውንት፥ በፕሪንስተን ብዙ ዘመን ያስተማሩትንና በትምህርቱ የታወቀ መጽሐፍ የጻፉትን ሰው ውላቸውን አቋረጠ። እንግዲህ ወረቀት ከእጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚያርፍ የፈረመው ሰው አያዝበትም። ይባስ ብሎ የእኛዎቹ ወረቀት «ይነሡልን» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው አንቀጽም ስለ ፕሮፌሰሩ አለባበስ አንድ መስመር ገብቶበታል። ካፖርታቸው ከማግኔት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው አልገባንም።

ደስ ያሰኘን ትምህርት ሁሉ የገባን ትምህርት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ በመግቢያ የፊዚክስ ኮርሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ነበር። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ከጎበዝ ተናጋሪ መምህር ቁጭ ብለው አዳመጡ፤ ሌሎቹ በቡድን ሆነው ጥያቄ እየሠሩ ተቸገሩ። የተቸገሩት በፈተና የተሻለ ውጤት ሲያገኙ፥ ብዙ የተማረ የመሰለው ግን ያዳመጠው ወገን ነበር። ይህን የምንጽፈው የተማሪን አፍ ለማስያዝ አይደለም። ሰሌዳው ቶሎ መጥፋቱን ከተማሪ በቀር ማንም ሊመሰክር አይችልም። «ፕሮፌሰሩ የፊዚክስ ችሎታ የላቸውም» የሚለውን ግን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚፈርድበት ነገር አይደለም፤ ወረቀቱ ሁለቱን ደባልቋል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያቀርባል። አስተያየት በሴሚስተሩ አጋማሽ፥ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ፥ ለራሳቸው ለመምህሩ ይድረስ። ቁጥር ሳይሆን ቃል ይሁን፤ እያንዳንዱ ተማሪ የትኛው ትምህርት ላይ እንደ ጠፋና ስለ ምን እንደ ጠፋ ስሙን ሳይጽፍ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ከየክፍሉ የሚመረጡ ሁለት ተማሪዎች ሰብስበው ያስረክቡ፤ መምህሩም በሚቀጥለው ሳምንት በአዳራሹ ፊት መልስ ይስጡ። ከፕሮፌሰሩ የምንለምነው ጥቂት ነው፦ ፈተናውን በክፍል ሠርተው ያሳዩን፤ ከየትምህርቱ መጨረሻ ዐሥር ደቂቃ ለጥያቄ ይተዉ፤ ያን ጊዜ የሚጠይቅ ሰው በአማርኛ ቢጠይቅም አይከልከል። ቢሯቸው መልካም ቢሆንም ክፍሉን በሙሉ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለፕሮፌሰሩ አንድ ቅጂ ልከንላቸዋል። በጉዳዩ ለመነጋገር የፊታችን ዓርብ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት በሳይንስ አዳራሽ ስብሰባ ይደረጋል፤ የፈረማችሁም ያልፈረማችሁም ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ወረቀቱን ያዘጋጁት ወንድሞችና እኅቶች እስከዚያ ቀን ድረስ ለዲኑ ላለመስጠት ቃል ገብተውልናል፤ ከዓርብ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ እንደማይጨምሩ ነግረውናል።