የሳንባ ምች ሲመላለስ

አዋቂ ሆነው የሳንባ ምችና የሳይነስ ሕመም እየተመላለሰ ቢያስቸግርዎ፣ የኤችአይቪና የቲቢ ምርመራዎ ነፃ ስለሆነ ብቻ ጉዳዩ አለቀ አይበሉ። ቢ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በአጥንት መቅኒ ተፈጥረው፣ በሊምፍ ዕጢዎችና በጣፊያ በስለው፣ አንቲቦዲ ወደሚያመርቱ ሴሎች መለወጥ አለባቸው። ሲቪአይዲ በተባለው፣ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ በሚታወቅ ብርቅ ሕመም ግን ሴሎቹ ደም ውስጥ ቢኖሩም እድገታቸው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ተራው የደም ቆጠራ ደህና ሊመስል ይችላል፤ እኛ ሐኪሞችም የምንዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ችግሩን የሚያሳየው የኢሚዩኖግሎቡሊን መጠን ምርመራ ነው። ሳይታወቅ ከቆየ ሳንባ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ሕክምናው ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ በየጊዜው መውሰድ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ እየገዙ ከመዋጥ፣ የታመሙባቸውን ቀናት መዝግበው ለሐኪምዎ ያሳዩ።